ከመሠዊያ ወደ መስታወት ሣጥን፦ የጥንት ሮማ ቅርሶችና የቅድስና ጥያቄ

በጥንታዊ ሮማ ቤተ መዘክሮች ከሚታዩት ቅርሶች ብዙዎቹ ሲሠሩ ለዕይታ አልነበረም። የአማልክት ምስሎች ለቤተ መቅደስ፣ መሠዊያዎች ለመሥዋዕት፣ የሸክላ እጆችና እግሮች ለስለት፣ የእምነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች ለሙታን ተሠሩ። ዛሬ ሁሉም የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ከጎናቸው አጭር ማብራሪያ ተለጥፎ፣ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ያያቸዋል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው። ለአምላክ ወይም ለሙት የተሰጠ ነገር ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ ቅድስናው ምን ይሆናል? ይጠፋል፣ ለጊዜው ይቋረጣል፣ ወይስ ከመጀመሪያውም በዕቃው ላይ አልነበረም?

ጥያቄው ጎልቶ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ሮም ከተማ ያለው የካፒቶሊን ኮረብታ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስተስ 4ኛ በ1471 ጥንታውያን የነሐስ ሐውልቶችን ለሮም ሕዝብ ሲሰጡ የካፒቶሊን ቤተ መዘክር ስብስብ ተጀመረ፤ በ1734 ደግሞ ክሌሜንት 12ኛ ለሕዝብ ክፍት አደረጉት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮረብታው ቀድሞ የሮማውያን የአማልክት አለቃ የዩፒተር ታላቅ ቤተ መቅደስ የነበረበት ነው። በሮማውያን ትውፊት ቤተ መቅደሱ የተመረቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረበው የመሠረቱ ግንብ ዛሬ በቤተ መዘክሩ ውስጥ ይታያል።

በዚያው ቤተ መዘክር፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ፣ ከ176 እስከ 180 ባሉት ዓመታት እንደተሠራ የሚገመት የእምነ በረድ ቅርጽ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ማርቆስ አውሬልዮስ ቶጋውን ራሱ ላይ ተከናንቦ ባለ ሦስት እግር በሆነ መሠዊያ ላይ መሥዋዕት ያቀርባል። አንድ ልጅ የዕጣን ሣጥን ይዞለታል፤ ሌላው ዋሽንት ይነፋል፤ መጥረቢያ የያዘው አራጅ ከሚሠዋው ኮርማ ጋር ከኋላ ቆሟል። ከበስተጀርባቸው የሚታየው ባለ ሦስት በር ሕንፃ የዩፒተር ቤተ መቅደስ ራሱ ነው። ጎብኚው እንግዲህ ሥርዓቱ በተፈጸመበት ኮረብታ ላይ ቆሞ የዚያኑ ሥርዓት ምስል ያያል። ቦታው አለ፤ የቤቱ መሠረት አለ፤ ምስሉም አለ። የሌለው መሥዋዕት አቅራቢው ነው። የቅድስና ጥያቄ መልስ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ?

ቅድስና በሮማውያን ሕግ

ሮማውያን ስለዚህ ነገር በሕግ መጻሕፍታቸው በሰፊው ጽፈዋል። በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሕግ ሊቅ ጋዩስ ለተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ነገሮችን ሁሉ በሁለት ይከፍላል፤ የሰው ሕግ የሚገዛቸውና የአማልክት ሕግ የሚገዛቸው። የአማልክት ሕግ ከሚገዛቸው መካከል አንደኞቹ ለላይኞቹ አማልክት የተሰጡት፣ እንደ ቤተ መቅደስና መሠዊያ ያሉት ናቸው። ሁለተኞቹ ለታችኞቹ፣ ማለትም ለሙታን መናፍስት የተተዉት መቃብሮች ናቸው። በሦስተኛ ደረጃ የከተማ ቅጥርና በር ይመጣሉ፤ እነዚህን የደፈረ ይቀጣል። እነዚህ ነገሮች የማንም ንብረት አይደሉም፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ አይሸጡም፣ አይለወጡም።

አንድ ነገር ወደነዚህ ክፍሎች የሚገባበት መንገድ ግን ይለያያል። ለላይኞቹ አማልክት የሚሰጠው ቅዱስ የሚሆነው በሮማ ሕዝብ ሥልጣን፣ በሕግ ወይም በምክር ቤት ውሳኔ ብቻ ነው። ግለሰብ በገዛ ፈቃዱ በግቢው መሠዊያ ቢያቆም፣ ምንም ያህል በእምነት ቢያደርገው፣ በሕግ ፊት ቅዱስ አይባልም። መቃብርን ግን ማንም ሰው ያቆማል። የመቅበር ኃላፊነት ያለበት ሰው ሬሳውን በገዛ መሬቱ ላይ ሲያሳርፍ ያ መሬት ወዲያውኑ ከንብረትነት ይወጣል። ውሳኔም ካህንም አያስፈልገውም፤ የሞተው ሰው በዚያ መኖሩ ይበቃል።

በዚህ አስተሳሰብ ቅድስና የድንጋዩ ወይም የነሐሱ ጠባይ አይደለም። በታወቀ ሥልጣንና በታወቀ ሥርዓት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። የተሰጠ ማዕረግ ሊነሣ ይችላል፤ የሚነሣው ግን እንደ አሰጣጡ ሁሉ በሥርዓት ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሥ ታርኲን በካፒቶሊን ኮረብታ ላይ የዩፒተርን ቤተ መቅደስ ለመሥራት ሲነሣ ቦታው አስቀድሞ በሌሎች አማልክት መሠዊያዎች ተይዞ ነበር። መሠዊያዎቹ በዘፈቀደ አልፈረሱም። የአማልክትን ፈቃድ በወፎች በረራ የሚመረምሩ ሰዎች ቦታውን ይለቁ እንደሆነ ጠየቁ። ሌሎቹ ሲለቁ የድንበር አምላክ ቴርሚኑስ እምቢ አለ። ድንጋዩም በአዲሱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ባለበት ቀረ፤ ከሰማይ በታች እንጂ ከጣሪያ በታች የሚመለክ አልነበረምና በላዩ ጣሪያው ክፍት ተተወለት።

ያረጀ የስለት ዕቃ እንኳ ከአምላኩ ግቢ አይወጣም ነበር። ቦታ ሲጣበብ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ጉድጓድ ወይም ጓዳ ይቀመጣል። በካፒቶሊኑ ግቢ ሥር ያረጁ ምስሎችና የስለት ዕቃዎች የሚከማቹባቸው እንዲህ ያሉ ጓዳዎች እንደነበሩ ቫሮ የተባለው ሮማዊ ሊቅ ጽፏል። ቤተ መቅደሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ83 ከተቃጠለ በኋላ ያሳደሰው ካቱሉስ የግቢውን መሬት ዝቅ ለማድረግ ፈልጎ ያልቻለውም በነዚሁ ጓዳዎች ምክንያት ነው። ዛሬ በሮማ ብሔራዊ ቤተ መዘክር የሚታዩት የሸክላ እግሮች፣ እጆች፣ ዓይኖችና ማሕፀኖች የዚህ ዓይነት ስለቶች ናቸው። ብዙዎቹ የተገኙት በቲቤር ወንዝ ደሴት ላይ በነበረው የፈውስ አምላክ የአስክሌፒዮስ ቤተ መቅደስ አካባቢ ነው። እግሩን የታመመ ሰው የሸክላ እግር፣ ልጅ የፈለገች ሴት የሸክላ ማሕፀን ትሰጥ ነበር። እዚህ ላይ የአርኪዮሎጂ ሥራ ከአንድ ተቃርኖ ጋር ይጋጫል። ብዙ የስለት ዕቃዎች ሳይጠፉ የቆዩት ቅዱስ ናቸው ተብለው ከሰው እጅ እንዲርቁ በመቀበራቸው ነው፤ ለዕይታ የበቁት ደግሞ ያ ክልከላ በመጣሱ ነው።

ከሮማውያን የሕግ ሐሳቦች ሁሉ ለቤተ መዘክር ጥያቄ እጅግ የቀረበው የ2ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የፖምፖንዩስ ነው። በጠላት የተያዙ ቦታዎች፣ ይላል ሐሳቡ፣ ቅዱስነታቸውና መቃብርነታቸው ይቀራል፤ ይህም ነፃ ሰው ተማርኮ ባሪያ እንደሚሆነው ነው። ነገር ግን ከዚያ መከራ ነፃ ከወጡ፣ ከምርኮ የተመለሰ ዜጋ የቀድሞ መብቱን እንደሚያገኝ ሁሉ፣ እነሱም ወደ ቀድሞ ማዕረጋቸው ይመለሳሉ። ፖምፖንዩስ የተናገረው ስለ ቦታዎች ቢሆንም ሐሳቡ ለሚንቀሳቀሱ ዕቃዎችም መንገድ ይከፍታል። በሞትና በምርኮ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የሞተ አይመለስም፣ የተማረከ ግን የሚጠብቀው ወገን እስካለው ድረስ ሊመለስ ይችላል።

ምርኮኞቹ አማልክት

ሕጉ እንዲህ ሲል ሮማውያን ራሳቸው የሌሎችን አማልክት የሚማርኩ ሕዝብ ነበሩ። ሮማዊው የጦር አለቃ ማርሴሉስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 ሰራኩስን ሲይዝ የከተማዋን ሐውልቶችና ሥዕሎች ወደ ሮም ጫነ። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪዩስ ሮማውያን የግሪክን ጥበብ ማድነቅ የጀመሩትም፣ ቅዱሱንና ተራውን ሳይለዩ መዝረፍ የለመዱትም ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይተርካል። ከሦስት ዓመት በኋላ ፋቢዩስ ማክሲሙስ ታሬንቱምን ሲይዝ የአማልክቱን ምስሎች ምን እናድርግ ተብሎ ተጠየቀ። የተቆጡትን አማልክታቸውን ለታሬንቱም ሰዎች ተዉላቸው የሚል መልስ እንደሰጠ ይነገርለታል። በሐሳቡ የጸና ግን አልነበረም፤ ግዙፉን የሄራክልስ ሐውልት ወስዶ በካፒቶሊን ኮረብታ ላይ አቆመው።

አንድ ምስል ለአንዱ አምላክ፣ ለሌላው ጌጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል የሕግ ተሟጋቹ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 የሲሲሊ አገረ ገዢ በነበረው በቬሬስ ላይ ባቀረበው ክስ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የሴጌስታ ከተማ የዲያና የነሐስ ምስል ነበራት። ካርታጋውያን ማርከው ወስደውት ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ሮማዊው ስኪፒዮ ካርታጎን ሲይዝ ለሴጌስታ ሰዎች መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ቬሬስ ፈለገው። ምስሉን ከመቆሚያው የሚያወርድ ሲፈለግ ከከተማዋ ነፃ ሰውም ባሪያም፣ ዜጋም መጻተኛም አንድ ስንኳ እጁን ለመዘርጋት ፈቃደኛ አልሆነም። በመጨረሻ ነገሩን የማያውቁ የቀን ሠራተኞች ከሌላ ከተማ መጥተው በገንዘብ አወረዱት። ምስሉ ሲወጣ የሴጌስታ ሴቶች ተሰብስበው ሽቱ ቀቡት፣ የአበባ ጉንጉን አደረጉበት፣ ዕጣን እያጠኑ እስከ አገራቸው ድንበር ሸኙት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ምስሉ ራሱ አልተለወጠም። ለቀን ሠራተኞቹ ከባድ ነሐስ ነበር፤ ለቬሬስ ለስብስቡ የሚመኘው የጥበብ ሥራ ነበር፤ ለሴቶቹ ደግሞ የምትሰደድ አምላክ ነበረች። ሲሴሮ ራሱም ቢሆን ከዚህ ሁለት ዓይነት አያያዝ ነፃ አልነበረም። ለቱስኩሉሙ የገጠር ቤቱ ሐውልቶች እየፈለገ ለወዳጆቹ ይጽፍ ነበር። አንድ ወዳጁ የጦርነት አምላክ የማርስን ምስል ሲገዛለት ሰላም ወዳድ ለሆነ ሰው ማርስ ምን ያደርግለታል ብሎ ቀልዷል። እንግዲህ የአማልክትን ምስል እንደ ዕቃ ማየት በዘመናዊ ቤተ መዘክር አልተጀመረም። በሀብታም ሮማዊ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ያለ ማርስ ያኔም የሚሠዋለት አልነበረም።

ከአምላክነት ወደ ጥበብነት

ክርስትና ወደ ሮማ ዓለም ሲገባ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። ሐዋርያው ጳውሎስ የሮማ ሰፈራ ለነበረችው ለቆሮንቶስ ምእመናን ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ በጻፈው መልእክት ሁለት ነገር አስተምሯል። አንደኛ፣ ጣዖት በራሱ ምንም አይደለም፤ ስለዚህ የተሠዋለት ሥጋ በራሱ አያረክስም። ሁለተኛ፣ ይህን ያላወቀ ወንድም ኅሊና ግን ሊቆስል ስለሚችል ያወቀው ሰው ስለዚያ ወንድም መጠንቀቅ አለበት። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ነገሩ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰው ነው። በኋላ ዘመን የተነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ላይ የሚያተኩሩ ናቸው።

በ382 የነገሥታቱ መንግሥት በኦስሮኤኔ አውራጃ ስለነበረ አንድ ቤተ መቅደስ ያወጣው ትእዛዝ በቴዎዶስዮስ የሕግ መድበል ውስጥ ይገኛል። ቤተ መቅደሱ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ክፍት እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ መሥዋዕት ግን ይከለክላል። በውስጡ ያሉት ምስሎችም በአምላክነታቸው ሳይሆን በጥበብ ዋጋቸው እንዲመዘኑ ይደነግጋል። ዛሬ በየቤተ መዘክሩ የሚሠራበት ሐሳብ በዚህ አንድ ትእዛዝ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል፤ ምስሉ ይቆይ፣ ሕዝቡም ይየው፣ አምልኮው ግን ይቅር።

በዚያው ዓመት ንጉሥ ግራቲያኖስ በሮም የምክር ቤት አዳራሽ የነበረውን የድል አምላክ መሠዊያ አስነሣ። በ384 የምክር ቤቱ አባል ሲማኩስ መሠዊያው እንዲመለስ ሲለምን የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ተቃወመ። የአምብሮስ ዋና ሙግት ክርስቲያን የምክር ቤት አባላት ዓይናቸውና ጆሯቸው እየተገደደ የመሥዋዕቱ ተካፋይ ሊሆኑ አይገባም የሚል ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲታዩ መለያው መስመር ግልጽ ነው። ምስል የሚታይ ነገር ስለሆነ ትርጉሙን ለውጦ መቆየት ይችላል። መሠዊያ ግን የሚሠራበት ነገር ነው፤ እሳትና ዕጣን እስካለበት ድረስ እንደ ጌጥ የሚታይበት መንገድ የለም።

ከዚህ በኋላ ቅርሶቹ በሁለት መንገድ ሄዱ። አንዳንዶቹ ቅድስናቸው ተለወጠ። ፓንቴዮን በ609 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 4ኛ ተባርኮ የእመቤታችን ማርያምና የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስበታል። ሌሎቹ በጥበብነታቸው ቆዩ። ላኦኮኦን የተባለው የእምነ በረድ ሐውልት በ1506 ከአንድ የወይን እርሻ ሲወጣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ ገዝተው በቫቲካን በቤልቬዴሬ ግቢ ከአፖሎ ሐውልት ጋር አኖሩት። የክርስቲያኖች አባት በግቢያቸው የአፖሎን ምስል ማስቀመጣቸው ሁሉንም አላስደሰተም፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሐድርያን 6ኛ እነዚህን የጥንት ሰዎች ጣዖታት እያሉ ይጠሏቸው እንደነበር ተጽፏል። በጳውሎስ አነጋገር፣ ዩልዮስ ጣዖት ምንም አይደለም በሚለው ሲጸኑ ሐድርያን የሚያየው ሰው ኅሊና አሳስቧቸው ነበር።

የፈላስፎቹ ክርክር

ቤተ መዘክር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመንግሥት ተቋም ሲሆን ጥያቄው ወደ ፍልስፍና ገባ። የፈረንሳይ ጦር በናፖሊዮን መሪነት ጣሊያን ሲገባ በ1796ና በ1797 በተፈረሙ ስምምነቶች ጳጳሱ 100 የጥበብ ሥራዎችን እንዲያስረክቡ ተገደዱ፤ ላኦኮኦንና የቤልቬዴሬው አፖሎ ወደ ፓሪስ ተጋዙ። ፈረንሳዊው ካትርሜር ደ ኳንሲ በ1796 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች የገዛ አገሩን መንግሥት ተቃወመ። ለእርሱ ሮም ራሷ ቤተ መዘክር ናት፤ ከሐውልቶቹ ጋር ተራሮቿ፣ መንገዶቿ፣ የድንጋይ ካባዎቿና ብርሃኗ አንድ አካል ናቸውና ከነዚህ የተነጠለ ሐውልት የሚያስተምረው ነገር ይጎድላል። ናፖሊዮን በ1815 ከወደቀ በኋላ ብዙዎቹ ሥራዎች ተመለሱ። የካትርሜር መከራከሪያ ግን አንድ ድክመት ነበረበት፤ አፖሎ በቫቲካን ግቢም ቢሆን ከቤተ መቅደሱ የተነጠለ ነበር።

ሄግል በ1820ዎቹ በበርሊን በሰጣቸው ትምህርቶች ነገሩን ከቦታ ወደ ዘመን አዞረው። የግሪክ አማልክት ምስሎች ምንም ያህል ቢያምሩ፣ የዘመኑ ሰው ቢያደንቃቸውም ጉልበቱን አያንበረክክላቸውም። ይህም በሄግል አስተሳሰብ የቤተ መዘክር ጥፋት ሳይሆን የሰው ልጅ መንፈስ ከምስል አልፎ በመሄዱ የመጣ ነው። ዋልተር ቤንያሚን ደግሞ በ1936 በታተመ ድርሰቱ የጥበብ ሥራ ሁለት ዓይነት ዋጋ እንዳለው አሳየ፤ የአምልኮ ዋጋና የዕይታ ዋጋ። በቤተ መቅደስ ውስጠኛው ክፍል ቆሞ ካህን ብቻ የሚያየው ምስል በመኖሩ ብቻ ሥራውን ይሠራል። ለዕይታ የወጣው ግን ዋጋው ባየው ሰው ብዛት ይለካል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ሦስቱም አንዳንድ እውነት ይዘዋል። ቦታ፣ ዘመንና አያያዝ የአንድን ነገር ትርጉም ይለውጣሉ። ነገር ግን ሦስቱም ከባለጉዳዮቹ መካከል አንዱን ዘንግተዋል፤ ነገሩን ቅዱስ ያደረገውን ማኅበረሰብ። ሄግል የማይንበረከክ ሰው ሲል ስለ ራሱ ዘመን አውሮፓዊ እየተናገረ ነው፤ ለዩፒተር ይህ በቂ ነው፣ ምክንያቱም ዩፒተርን የሚያመልክ ሕዝብ አምልኮውን ትቶ በክርስትና ተክቶታል። የሴጌስታ ሴቶች ግን የዲያናን አምልኮ አልተዉም ነበር። ምስሉ ከእነርሱ እጅ የተወሰደው ሳይፈቅዱ ነው። ቴርሚኑስ እንኳ ተጠይቆ እምቢ ለማለት ዕድል አግኝቷል፤ የሴጌስታ ሰዎች ግን እምቢታቸው አልተሰማም። እንግዲህ ቅድስናን የሰጠ ማኅበረሰብ ራሱ ያልመለሰውን፣ ዕቃውን የወሰደ ሌላ ወገን ጠፍቷል ብሎ ሊፈርድ አይችልም።

ሙታንና መብታቸው

መቃብር ከዚህ የተለየ ችግር አለው። ሮማዊው ሕግ ለሙታን የሚሆነውን ቅድስና ለብቻው የለየው ያለ ምክንያት አይደለም። አምላክ አምላኪዎቹ ሲጠፉ አምላክነቱ ይቀርበታል፤ የሞተ ሰው ግን ዘመዶቹ ቢያልቁም የሞተ ሰው ከመሆን አይወጣም።

በሮማ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሥር ባለው በፓላትሶ ማሲሞ ውስጥ በ1931 የተገኘና በ180 ገደማ እንደተሠራ የሚገመት፣ የፖርቶናቾ የሬሳ ሣጥን የሚባል ትልቅ የእምነ በረድ ሥራ አለ። በፊት ለፊቱ የሮማ ፈረሰኞችና የጠላት ወታደሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይዋጋሉ። የፈረሱ ልጓም፣ የወታደሩ ጢም፣ የቁስለኛው የተከፈተ አፍ ሁሉ በጥንቃቄ ተቀርጿል። በመካከል ወደ ፊት የሚጋልበው የጦር አለቃ ፊት ግን ገና አልተጠረበም፤ ድንጋዩ ለስሞ ብቻ ቀርቷል። በክዳኑ ላይም የባልና ሚስቱ ፊት እንዲሁ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። የሟቹን መልክ በኋላ ለመቅረጽ ታስቦ እንደነበር ይገመታል። ሣጥኑ እንግዲህ በሁሉም ዘንድ እንደ ታላቅ የጥበብ ሥራ ቢታይም በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ የተሠራው ለአንድ ሰው እንደነበር ይናገራል።

በዚያው ቤተ መዘክር ምድር ቤት የሚገኘው የግሮታሮሳ አስከሬን ጥያቄውን ያከብደዋል። በ1964 በቪያ ካስያ መንገድ ዳር ለግንባታ ሲቆፈር የእምነ በረድ የሬሳ ሣጥን ወጣ። በውስጡ በ2ኛው መቶ ዓመት የሞተች፣ ዕድሜዋ 8 ዓመት ገደማ የሆነች ሕፃን እንደ ግብፃውያን ልማድ ደርቃ ተገኘች። የወርቅ ጉትቻ፣ የሰንፔር ድሪና ከዝሆን ጥርስ የተሠራች አሻንጉሊት አብረዋት ነበሩ። ዛሬ ሕፃኗም አሻንጉሊቷም በመስታወት ውስጥ ይታያሉ። ወላጆቿ መሬቱን ለሙታን አማልክት ትተው ከንብረትነት ያወጡት በራሳቸው ፈቃድ ነበር። ያን ፈቃድ የሻረ ማንም የለም፤ የሚሽር ወገንም አልቀረም።

በሮማ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ የተደረደሩት የመቃብር ድንጋዮች ይህን ያውቁ የነበሩ ሰዎች ሥራ ናቸው። ብዙዎቹ ለሙታን መናፍስት በሚለው መግቢያ ይጀምራሉ፤ አላፊ አግዳሚውን ቆም ብሎ እንዲያነብ ይጠይቃሉ፤ አፈሩ ለሟቹ ቀላል እንዲሆን ይመኛሉ። አማርኛ ተናጋሪ ሐዘንተኛ ሁሉ የሚያውቀው ምኞት ነው። መቃብሩን የሚነካ የሚከፍለውን ቅጣት በገንዘብ የወሰኑም አሉ። ከነዚህ ጽሑፎች ሁለት የሚቃረኑ ምኞቶች ይነበባሉ፤ ሟቹ ስሙ እንዲነበብ ይፈልጋል፣ ዐፅሙ እንዲነካ ግን አይፈልግም። ቤተ መዘክር የመጀመሪያውን ምኞት ከማንም በላይ ይፈጽማል። ሁለተኛውን የሚጥሰው አስከሬን ሲያሳይ ነው። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ የሰው አካልና ቅዱሳት ዕቃዎች ለሰው ልጅ ክብር በሚገባ ጥንቃቄ፣ የመጡበት ማኅበረሰብ ከታወቀ በእምነቱና በፍላጎቱ መሠረት እንዲያዙ የሚያዝዘው። የግሮታሮሳ ሕፃን ማኅበረሰብ የለም፤ ስለዚህ ግዴታው ሙሉ በሙሉ በጠባቂዋ ላይ ይወድቃል።

ተመላሽ ያለው ምርኮ

የፖምፖንዩስ ሐሳብ በዘመናችን የተፈተነው በዚያችው በሮም ከተማ ነው። የኢጣሊያ ፋሺስት መንግሥት በ1937 ከአክሱም የ4ኛው መቶ ዓመት ሐውልት ወስዶ በሰርከስ ማክሲመስ አጠገብ አቆመ። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት የመቃብር ምልክት ነው፤ በሮማውያን ክፍፍል ከሄድን የሁለተኛው ክፍል፣ የሙታን ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አውግስጦስ የግብፅን ሐውልቶች ለድል ምልክትነት ወደ ሮም እንዳመጣ ሁሉ ይህም የድል ምልክት ሆነ። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብና የሃይማኖት ዕቃዎች በ18 ወር እንድትመልስ ቢያስገድድም ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው። በ2008 በቀድሞ ቦታው ቆሞ ተመረቀ። ከአደባባይ ጌጥነት ወደ መቃብር ምልክትነት ለመመለስ አዲስ ሥርዓት አላስፈለገውም፤ ወደ ሙታኑ መመለሱ በቂ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የታቦት ጉዳይ ነው። የብሪታንያ ጦር በ1868 ከመቅደላ ከዘረፋቸው ንዋያተ ቅድሳት መካከል ታቦታት ይገኙበታል፤ በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። ቤተ መዘክሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በማክበር ለዕይታ አያወጣቸውም፤ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው የራሱ ሠራተኞችም አያዩዋቸውም። ከፍልስፍና አንጻር ይህ ልዩ ሁኔታ ነው። ለማሳየት የተቋቋመ ተቋም ሊያሳየው የማይችለውን ነገር ይዟል። በመከልከሉ ብቻ ቤተ መዘክሩ የታቦቱ ቅድስና እንዳልጠፋ አምኗል፤ የሚያከብረው ሕዝብ እንዳለም አውቋል። ከኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ በ2002 የተመለሰውን ታቦት አዲስ አበባ ላይ የተቀበለው ብዙ ሺህ ሕዝብ ለዚህ ማስረጃ ነው። ያ ታቦት በውጭ አገር በቆየባቸው ዓመታት ማዕረጉ ተቋርጦ ነበር ቢባል እንኳ የሚጠብቀው ወገን ስላለው ወደ ክብሩ ተመልሷል።

የጠባቂው ሦስት ግዴታዎች

እነዚህ ምሳሌዎች አንድ ላይ ሲታዩ ቤተ መዘክር ቅድስናን ያጠፋል ወይስ ያቆያል የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የማይመለስ መሆኑ ይገለጣል። መልሱ ነገሩን ቅዱስ ያደረገው ማን እንደሆነና ዛሬ የት እንዳለ በማየት ይወሰናል። በዚህም መሠረት ግዴታው በሦስት ይከፈላል።

እንደ ዩፒተርና አፖሎ ምስሎች አምላኪ ላልቀራቸው ነገሮች ያለው ግዴታ እውነትን መናገር ነው። ማንም የማይሰግድላቸውን ምስሎች ማሳየት ማንንም አይበድልም፤ ጎብኚውም ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ምስሉን በማየቱ የአምልኮው ተካፋይ አይሆንም። ሆኖም የቀራጩን ስልትና የድንጋዩን ዓይነት ብቻ ነግሮ፣ ምስሉ በምን መሠዊያ ፊት እንደቆመ፣ ምን እንደተሠዋለት፣ ሰዎች ምን እንደለመኑት መተው ግማሹን መደበቅ ነው። የሸክላው እግር የሕክምና ታሪክ ማስረጃ ከመሆኑ በፊት የአንድ በሽተኛ ልመና ነበር፤ ማብራሪያውም ይህን ሊል ይገባል።

ለሙታን ያለው ግዴታ አክብሮት ነው፤ ይህ ግዴታ በዘመን ርዝመት አያረጅም። ስማቸውን ማስነበብ፣ የሬሳ ሣጥናቸውን ማሳየት እነሱ ራሳቸው ከፈለጉት ጋር ይስማማል። አካላቸውን ለማሳየት ግን ከጉጉት የበለጠ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካልተገኘ ዕቃዎቹ ብቻ ታይተው አካሉ ከዓይን ቢከለል የሚጎድል ዕውቀት የለም።

አማኞቻቸው በሕይወት ያሉ ነገሮች ደግሞ የሚጠይቁት መጠየቅን ነው። ዕቃውን የያዘው ወገን ስለ ቅድስናው መፍረድ የእርሱ ፈንታ አይደለም፤ ባለቤቶቹን ይጠይቃል፣ የሚሉትንም ይሰማል። ይህ ከሮማውያን የሕግ አስተሳሰብ ውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ቤተ መቅደስ ለመሥራት ቀድሞ የነበሩትን አማልክት ፈቃድ የጠየቀ ሕዝብ፣ በምርኮ የተቋረጠ ቅድስናም ከምርኮ በመመለስ እንደሚታደስ በሕግ መጽሐፉ ያሰፈረ ሕዝብ፣ ቅርሶቹን ለሚጠብቁ ቤተ መዘክሮች የአያያዛቸውንም መመሪያ አብሮ ትቶላቸዋል።